ቁጥቋጦ ከሌለ ወፍ የለም

ይሄ ባለፈው እሁድ ከሰዓት በሰፈራችን እድር አዳራሽ የተናገርኩት ነው። ያልተገኛችሁ ሰዎች ላክልን ስላላችሁኝ በስልክ ከተቀዳው ላይ ገልብጬዋለሁ፣ አንዳንድ ቦታ አሳጥሬያለሁ፣ መጨረሻ ላይ የተጠየቁትንም ጨምሬያለሁ።

እንደምን ዋላችሁ እናቶቼ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ። በእረፍት ቀናችሁ ስለመጣችሁ በጣም ነው የማመሰግነው።

አንድ ቃል ይዤ ልጀምር፣ ወፍ ዘራሽ የሚለውን። ማንም ሳይዘራው ማንም ሳይተክለው አጥር ሥር በቅሎ የተገኘ ነገር ወፍ ዘራሽ ነው እንላለን፣ ለሰው ሲሆን ደግሞ ስድብ እናደርገዋለን። እኔ ግን ይሄን ቃል ያወጡልን ሰዎች በጣም አስተዋዮች ነበሩ ብዬ ነው የማምነው ምክንያቱም ነገሩ ቃል በቃል እውነት ነው፣ ወፍ ይዘራል። ወፏ ፍሬውን ትውጣለች፣ ሥጋውን ሆዷ ይፈጨዋል፣ ዘሩ ግን ሳይጎዳ ከኩሷ ጋር ይወጣል። የት ይወጣል? ያረፈችበት ቦታ ነዋ! ፍሬ የምትበላ ወፍ ደግሞ ባዶ ሜዳ መሀል ብዙም አታርፍም፣ ቁጥቋጦ ላይ ነው የምታርፈው፣ ስለዚህ ዘሩ የሚወድቀው ቁጥቋጦ ሥር ነው፣ እዛ ደግሞ ጥላ አለ፣ እርጥበት አለ፣ ፍየልና በግ እንዳይቀነጥበው እሾህ ይጠብቀዋል። ትግራይ ውስጥ በተደረጉ ጥናቶች የዱር ወይራ ቡቃያ በደንብ የሚይዘው ገላጣ ግጦሽ ላይ ሳይሆን እንደ ደደሆ ባሉ ቁጥቋጦዎች ሥር መሆኑ ታይቷል። ማለትም ያ ሁላችንም የምናከብረው ወይራ ዛፍ ከመሆኑ በፊት ያሳደገው ቁጥቋጦ ነው፣ እዛ ያደረሰው ደግሞ ወፍ ነው።

እኛ ግን ለቁጥቋጦ ያለን ቃል ምንድነው? «ጫካ አደረጋችሁት እኮ»፣ «ዱር ሆነ»፣ «አስመንጥሩት»። ዛፍ ስንል ደስ ይለናል፣ በፈረንጆቹ ከ2019 ጀምሮ በአረንጓዴ አሻራ ስንት ችግኝ ተከልን ብለን እንቆጥራለን፣ ዛፍ መትከሉ ጥሩ ነው፣ እኔም በየክረምቱ እወጣለሁ። ግን ስንተክል አእምሯችን ውስጥ ያለው ረጅም ዛፍ ብቻ ነው፣ ከጉልበት በላይ ከጣሪያ በታች ያለውን ነገር ማንም አያስበውም። ትንንሾቹ ወፎች ደግሞ የሚኖሩት በትክክል እዛ መሀል ነው።

የራሴን ልንገራችሁ። የየካ ተራራ ሥር ያለውን ቤት ስንይዝ አጥሩ በሙሉ አጋምና ቀጋ ነበር፣ መሀል መሀሉ ላይ ክትክታና ራስ ክምር። ያኔ ቆሻሻ መስሎ ነው የታየኝ። የቀን ሠራተኞች ቀጥሬ በሁለት ቀን አስመነጠርኩት፣ ብሎኬት አስገነባሁ፣ ውስጡን ዱራንታ ተከልኩ፣ ሳር አስነጠፍኩ፣ ጽድት ያለ ግቢ ሆነ፣ ዘመድ መጥቶ ፎቶ ተነሳበት። ከዛ የሆነ ነገር እንደጎደለ ይሰማኝ ነበር ግን ምን እንደሆነ አላወቅኩም፣ ወር ከምናምን በኋላ አንድ ጠዋት ቁጭ ብዬ ቡና ስጠጣ ገባኝ። ወፍ ሲንጫጫ መንቃት ለምጄ ነበር፣ አሁን የሚሰማው ቁራና እርግብ ብቻ ነው። በእውነት በጣም ነው ያዘንኩት። ያንን ሁሉ ድምፅ በሁለት ቀን በገዛ ገንዘቤ ነው ያጠፋሁት፣ መልሶ ለማምጣት ደግሞ ሦስት ዓመት ነው የፈጀብኝ።

ዱራንታ እኮ ምንም መጥፎ ተክል ሆኖ አይደለም፣ ሀገሩ አሜሪካ አህጉር ነው፣ አበባም ፍሬም አለው፣ ግን እኛ በየሳምንቱ በመቀስ ስለምንከረክመው አበባ የሚያወጣበት ጫፍ አይተርፈውም፣ አረንጓዴ ግድግዳ ሆኖ ይቀራል። ወፍ ደግሞ ግድግዳ አትበላም።

ወፍ ምን ትፈልጋለች? ምግብ፣ ጎጆ የምትሠራበት፣ ጭልፊት ሲመጣ ዘላ የምትገባበት። ምግብ ስንል ሁላችንም ጥሬ ነው የምናስበው ግን አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፣ የአበባ ማር የሚመጥጡትም ሆነ ጥሬ የሚለቅሙት ወፎች አብዛኞቹ ጫጩታቸውን የሚያሳድጉት በነፍሳት ነው፣ በአባጨጓሬ፣ በሸረሪት፣ በትንኝ። ጫጩት ለማደግ ፕሮቲን ይፈልጋል። አባጨጓሬ ደግሞ ያገኘውን ቅጠል ሁሉ አይበላም፣ ለብዙ ሺህ ዓመት አብሮት የኖረውን ተክል ነው የሚያውቀው። ለዚህ ነው ሀገር በቀል የምለው። ግራዋችሁ ቅጠሉ ተበሳስቶ ስታዩት አትዘኑ፣ መድሃኒትም አትርጩበት፣ የሆነች ወፍ ጫጩት እየቀለበች ነው።

አሁን ወደ ተክሎቹ ልግባ። ከሁሉም የምወደው ራስ ክምር ነው፣ የፈረስ ዘንግ የሚሉትም አሉ። ሁላችሁም አይታችሁታል፣ ከከተማ ወጣ ስትሉ መንገድ ዳር፣ ግንዱ ቀጥ ያለ፣ ብርቱካናማው አበባ እንደ ኳስ ኳስ ሆኖ በየደረጃው ግንዱን ከቦ የተከመረ። አበባውን አንዱን ነቅላችሁ እዩት፣ ቀጭን ቱቦ ነው፣ ትንሽ ጎበጥ ያለ። አሁን ደግሞ አበባ ላይ የምታርፈውን ያቺን ትንሽ የምታብረቀርቅ ወፍ ምንቃር አስቡት፣ ፈረንጆቹ ሰንበርድ የሚሏትን፣ እሱም ቀጭንና ጎበጥ ያለ ነው። ልክ ቁልፍና ቁልፍ ቀዳዳ። ምንቃሯን ስታስገባ ከላይ ያለው ፀጉራም የአበባው ከንፈር ግንባሯ ላይ ዱቄቱን ይቀባታል፣ እሷ ይዛው ወደሚቀጥለው አበባ ትሄዳለች፣ ተክሉ ዘር ያፈራል። ክፍያው የአበባ ማር ነው።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። አሜሪካ ያሉት ሀሚንግበርድ የሚባሉት አየር ላይ ቆመው ነው የአበባ ማር የሚመጥጡት፣ ቪዲዮ ላይ አይታችኋል። የኛዎቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ አርፈው ነው የሚመጥጡት፣ መቆሚያ ይፈልጋሉ። ስለዚህ አበባው ብቻ ሳይሆን አበባውን የተሸከመው ጠንካራ ግንድ ራሱ ለነሱ ወንበር ነው። የኛን ሀገር ወፍ የምትቀልቡ ከሆነ የኛን ሀገር ግንድ ያስፈልጋችኋል ማለት ነው። እሬት፣ አሸንዳ፣ ያ እሾሃሙ ደማቅ ቀይ አበባ ያለው ኮሸሽሌ፣ ሁሉም ቱቦ አበባ አላቸው፣ ሁሉም መቆሚያ አላቸው። ኮሸሽሌው ደግሞ ከኢትዮጵያ ውጪ በተፈጥሮ የማይገኝ ተክል ነው፣ እኛ ግን አጥር ዳር ስናየው በማጭድ ነው የምንለው።

ሰሜን ተራሮች የሄደ ሰው ካለ ጅብራን አይቷል። ዓመታት ቆይቶ አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፣ ከሰው በላይ የሚረዝም የአበባ ምሰሶ ይሰራል፣ ከዛ ይሞታል። እዛ ምሰሶ ላይ ከሩቅ ጥቁር የምትመስል ጭራዋ የረዘመ ወፍ ታያላችሁ፣ ፀሐይ ሲያርፍባት ወይን ጠጅና ነሐስ ትሆናለች። ያቺ ወፍ በሳይንስ ስሟ የተመዘገበው በተከዜ ወንዛችን ነው፣ በ1814 በፈረንጆቹ ማለት ነው፣ ዓለም ሁሉ እስከዛሬ ተከዜ ብሎ ነው የሚጠራት። እኔ ይሄን ባወቅኩ ቀን በጣም ነው የገረመኝ፣ ወንዙን በትምህርት ቤት ካርታ ላይ ስለነው ስናድግ በስሙ ስለምትጠራው ወፍ አንድም ሰው ነግሮን አያውቅም።

አዲስ አበባ ውስጥ በብዛት የምታዩት ከሷ አነስ ያለችውን ነው፣ ወንዱ ላይ በኩል ሰማያዊ አረንጓዴ ሆኖ የሚያብረቀርቅ ሆዱ ቢጫ የሆነ። ጎጆዋን እንደ ቦርሳ አንጠልጥላ ነው የምትሠራው፣ በር ያለው በጎን በኩል ነው፣ የምትሰፋበት ክር ደግሞ የሸረሪት ድር ነው። ስለዚህ ቤታችሁ ያለውን ድር ጥረጉ፣ ቁጥቋጦው ላይ ያለውን ግን ተዉት።

ተቀጽላን ደግሞ ሳላነሳ አላልፍም። ዛፍ ላይ ተለጥፎ የሚኖረው ማለቴ ነው፣ ብዙ ሰው በሽታ ነው ብሎ ይቆርጠዋል። የአንዳንዱ ተቀጽላ አበባ ሲበስል ተጨናንቆ ዝግ ሆኖ ነው የሚጠብቀው፣ ወፏ በምንቃሯ ስትነካው ፈንድቶ ይከፈትና ዱቄቱን ይረጭባታል። ፍሬውን ደግሞ ሌሎች ትንንሽ ወፎች ይበሉታል፣ ዘሩ ሙጫ ስላለው አፋቸው ላይም ከወጣም በኋላ ይለጠፍባቸዋል፣ ቅርንጫፍ ላይ እየታከኩ ሲያስለቅቁት እዛው ይበቅላል። አንዷ ወፍ ታጋባዋለች ሌላዋ ትዘራዋለች፣ ከዚህ በላይ ወፍ ዘራሽ አለ እንዴ።

ቀጋ። ቀጋ ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የሚበቅል ብቸኛው ጽጌረዳ ነው። እስቲ አስቡት፣ ሀገራችን ጽጌረዳ ወደ አውሮፓ በአውሮፕላን ትልካለች፣ የራሳችንን ጽጌረዳ ግን እሾህ ነው ብለን እናቃጥላለን። ለገበያ የሚላከው ጽጌረዳ ሙሉ በሙሉ ሳይከፈት ነው የሚቆረጠው፣ ፍሬ ለመሆን ዕድል የለውም። ቀጋ ግን አምስት ነጭ ቅጠል ብቻ ያለው ክፍት አበባ ነው፣ ንብ ትገባበታለች ጢንዚዛ ይገባበታል፣ ከዛ ፍሬው ብርቱካናማ ቀይ ሆኖ ይበስላል። በልጅነቱ ቀጋ ያልበላ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ወፎቹም እንደዛው ናቸው። ያቺ ጭራዋ ከሰውነቷ የሚረዝም፣ ጉትዬ ያላት ግራጫ ቡናማ ወፍ፣ በቡድን እየሆኑ እንደ አይጥ ቅርንጫፍ ውስጥ የሚሹለከለኩት፣ ፍሬ አይተው አያልፉም። ዓይኗ ዙሪያ ነጭ ቀለበት ያላት ቢጫ አረንጓዴ ትንሽ ወፍም እንደዛው፣ አሥር አሥራ አምስት ሆነው ይመጡና አጥሩን ከዳር እስከ ዳር ፈትሸው ይሄዳሉ።

እንግዳም አለን። መስከረም ጥቅምት ላይ ከአውሮፓ የሚመጡ ትንንሽ ወፎች አሉ፣ አንዷ ወንዱ ጥቁር ቆብ ያደረገ የሚመስለው ግራጫ ወፍ ነው፣ ሴቷ ቆቧ ቡናማ ነው። ክብደቷ 20 ግራም ቢሆን ነው፣ ማለትም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር እንኳን በደንብ አትሞላም፣ ያን ሁሉ በረሃ አቋርጣ መጥታ ከኛ ቁጥቋጦ ፍሬና ነፍሳት ለቅማ በጋውን ታሳልፋለች፣ ስትመለስም ስብ አጠራቅማ መሄድ አለባት። አጥሬን ያስመነጠርኩ ዓመት የመጣችው ወፍ ምን አገኘች ብዬ አስባለሁ።

አጋምን በተረት እናውቀዋለን፣ ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል ይባላል፣ እሾሁ ቁልቋሉን እየወጋ ነጭ ወተቱን ስለሚያስነባው። ለቁልቋል ክፉ ጎረቤት ነው፣ ለወፍ ግን ከሱ የተሻለ ጎረቤት የለም። ድመት አይወጣበትም፣ ልጅ እጁን አያስገባም፣ አበባው ነጭ ሆኖ ሽታው ሲመሽ ግቢውን ይሞላዋል፣ ፍሬው መጀመሪያ ቀይ ይሆንና ሲበስል ይጠቁራል። የደረሰ የአጋም አጥር ደግሞ ማንም ሌባ አይዘለውም፣ ብሎኬት ላይ ጠርሙስ ከመሰካት የሱ እሾህ ይበልጣል።

ኮሽም፣ አንፋር፣ አሜጃ፣ እምብስ፣ ቀጨሞ እያልኩ ልቀጥል እችል ነበር ሰዓቱ ግን እየሄደ ነው። ዋናው ነገር አንድ ዓይነት ብቻ አትትከሉ። አንዱ አብቦ ሲያበቃ ሌላው እንዲቀጥል፣ አበባው ሲረግፍ ፍሬ ያለው እንዲኖር ነው የሚፈለገው። ወፍ በዓመት ውስጥ ለሁለት ወር ብቻ አይደለም የምትርበው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፣ የወፍ ቆሎን በተመለከተ። ያ ቢጫና ሮዝ ወይም ብርቱካናማ አበባ አንድ ላይ የሚያወጣው፣ ቅጠሉ ሲታሽ የሚሸተው፣ በየችግኝ ጣቢያው የሚሸጠው። ስሙ ራሱ ለወፍ የተፈጠረ ያስመስለዋል፣ ወፍም ትበላዋለች እውነት ነው። ችግሩም እሱ ነው። ሀገሩ ደቡብና መካከለኛው አሜሪካ ነው፣ ወፍ ዘሩን በየቦታው ትበትነዋለች፣ ምሥራቁ የሀገራችን ክፍል ላይ የግጦሽ መሬት እየወረሰ ነው፣ ከብት ቅጠሉን ሲበላው ይመረዛል። ስለዚህ ወፍ የበላችው ሁሉ ይተከል አይደለም የምለው። ወፏ የዘራችው ነገር አካባቢውን የሚመልስ መሆን አለበት፣ የሚውጥ ሳይሆን። ግቢያችሁ ውስጥ ካለ ነቅላችሁ በቀጋ ተኩት።

ስለ ኑግም ትንሽ ልበል፣ ቁጥቋጦ ባይሆንም። አሜሪካ ዘመድ ያላችሁ ጠይቁ፣ ሰው ግቢው ውስጥ ለወፍ የሚሰቅለው ቀጭን ጥቁር ጥሬ አለ፣ ቢጫ ወፎች በጣም ይወዱታል። እሱ ኑግ ነው፣ የኛ ኑግ፣ ከኛና ከሕንድ ሄዶ ሌላ አረም እንዳይበቅል በሙቀት ተመትቶ የሚገባ። ባሕር ማዶ ያለው ሰው ለወፉ ብሎ የኛን ጥሬ በዶላር ይገዛል። እኛ ደግሞ የኑግ ዘመድ የሆነውን አደይ አበባን ለበዓል ቀጥፈን ካበቃን በኋላ የቀረውን ጥሬ ሳይዝ አጭደን እንጥለዋለን፣ ቢቆይ እኮ ጥሬ ለቃሚዎቹ ወፎች ይጨርሱት ነበር።

የመስቀል ወፍ ሆነሃል እንላለን አይደል፣ በዓመት አንዴ ለሚታይ ሰው። የመስቀል ወፍ የሚባለው ወፍ ከቦታ ቦታ ሊለያይ ይችላል፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያ ቀይና ጥቁር ወይም ቢጫና ጥቁር የሚሆነው ነው። እሱ የትም አይሄድም እኮ! ወንዱ በክረምት ለመራባት ሲል ነው የሚያጌጠው፣ ከዛ ላባውን ቀይሮ እንደ ሴቷ ቡናማ ይሆናል፣ ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ነው ያለው፣ ሳሩና ቁጥቋጦው ውስጥ። ጠፋ የምንለው እኛ ስለማናየው ነው። ቦታውን ስናሳጣው ግን የእውነት ይጠፋል።

እስከዚህ ነው የተናገርኩት፣ ከዛ ጥያቄ ነበር።

አንዲት እናት «ልጄ፣ የምትለው ጥሩ ነው ግን ቁጥቋጦ ካበዛን እባብ አይመጣብንም ወይ፣ አይጡስ?» አሉኝ። እማማ ጥያቄዎ ትክክል ነው አልኳቸው። እባብ የሚመጣው አይጥ ተከትሎ ነው፣ አይጥ የሚመጣው ደግሞ ክፍት የቆሻሻ ገንዳና የተበተነ እህል ተከትሎ ነው። ቁጥቋጦውን አጥሩ ላይ ያድርጉት፣ ከበርዎና ከመስኮትዎ አራት አምስት እርምጃ ይራቅ፣ ሥሩ ላይ ፌስታልና ፍርስራሽ አይከመር። እኔ ጋ እስካሁን እባብ አላየሁም፣ ግን የለም ብዬ አልምልልዎትም።

ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖር ወጣት እኔስ ምን ላድርግ አለ። የተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ሥሩን ብሳውና እሬት ትከልበት፣ ትልቅ በርሜል ካገኘህ ራስ ክምርም ይይዝልሃል፣ ፀሐይ የሚያገኝ በረንዳ ይሁን እንጂ። ስኳር በጥብጬ ልስቀል ወይ ሲለኝ ግን አይ አልኩት፣ ቶሎ ይበላሻል፣ ዕቃውን በየቀኑ ካላጠብከው በሽታ ነው የምታቀብላቸው፣ ይልቅ ጠፍጣፋ ሳህን ላይ ሁለት ጣት የማይሞላ ውሃ አስቀምጥላቸውና በየጠዋቱ ቀይረው፣ በጋ ላይ ከምግብ በላይ ውሃ ነው የሚቸግራቸው።

አንድ አባት ደግሞ መቼ ነው የሚከረከመው ብለው ጠየቁ። በዓመት አንዴ ይበቃዋል አባቴ፣ ፍሬው ተበልቶ ካለቀ በኋላ፣ ያውም ግማሹን ዘንድሮ ግማሹን ለከርሞ ያድርጉት። መቀሱን ከማንሳትዎ በፊት ግን አሥር ደቂቃ ቁጭ ብለው ይዩት፣ ወፍ በአፏ ነፍሳት ይዛ እየተመላለሰች ከሆነ ውስጡ ጫጩት አለ ማለት ነው፣ ያን ሰሞን ይተዉት።

ችግኝ ከየት ይገኛል ላላችሁኝ፣ ራስ ክምር የደረቀ ራሱን አራግፋችሁ ዘሩን መዝራት ነው፣ አጋም ፍሬው ትኩስ ሆኖ ቶሎ ሲዘራ ነው የሚሻለው፣ ቀጋ ትዕግሥት ይፈልጋል። ለዘንድሮ ሐምሌ ግን እኔ ጋ በፌስታል ያፈላሁት 40 የሚሆን ቀጋና ጥቂት አጋም አለ፣ ቅዳሜ ጠዋት ኑና ለየቤታችሁ ሁለት ሁለት ውሰዱ። ከበሩ በስተግራ ጥላው ሥር ነው ያለው፣ አጋሙን ስታነሱ ከሥሩ ያዙት፣ ከላይ ይወጋል።